ደብረ ብርሃን ተቀምጬ የትርጉም ሥራ፦ ዋጋው፣ ክፍያውና ማኅተሙ እንዴት ነው?

ጠያቂ፣ ከጠባሴ

ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ብርሃን የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። በትርፍ ጊዜዬ የልደት፣ የጋብቻና የትምህርት ማስረጃ እተረጉማለሁ። የማስከፍለው በገጽ ነው። ጎረቤት ሲሆን «እግዜር ይስጥሽ» ተብዬ እሸኛለሁ። ሰሞኑን ሦስት ነገር ተደራረበብኝ።

አንድ የውጭ ድርጅት ማሽን የተረጎመውን አማርኛ እንዳርም በኢሜይል ጠይቆኛል። ዋጋው ትንሽ ነው፣ የሚከፍለው ከ60 ቀን በኋላ ነው፣ መጀመሪያ ደግሞ አምስት ገጽ ፈተና በነፃ ሥሪ ይላል። እዚህ ያለ አንድ ፋብሪካ ደግሞ ለማሽን ሥልጠና ሙሉ ቀን አስተርጉሚልን ብሎኛል። ስንት ልበል? ሦስተኛው፣ የተረጎምኩት የልደት ማስረጃ «ማኅተም የለውም» ተብሎ ተመለሰ። የምታውቁ ምከሩኝ።

የአንኮበር ልጅ

እህቴ፣ ማኅተሙ ከችሎታሽ ጋር አይገናኝም። ለኤምባሲ ወይም ለውልና ማስረጃ የሚቀርብ ትርጉም ፈቃድ ያለው ትርጉም ቤት ማኅተም ይፈለግበታል። ወይ ፈቃድ ታወጫለሽ፣ ወይ ፈቃድ ላለው ትርጉም ቤት እየሠራሽ ትካፈያለሽ። ማስተማሩን ካልለቀቅሽ ሁለተኛው ይሻልሻል ባይ ነኝ።

ሰነድ የሚያስመልሰው ግን ማኅተም ብቻ አይደለም። ስም በፓስፖርቱ ላይ ባለው አጻጻፍ ይሁን፤ ፊደል አትቀይሪ። ቀኑ ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ። ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነታችን 7 ዓመት ነው፣ ከጃንዋሪ 1 ወዲህ 8። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ማግስት መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ በእኛ 2016 እንዲያ ነበር። ያኔ እስከ የካቲት ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይገፋል። አንድ ቀን የተሳሳተ የልደት ማስረጃ ስንቱን አመላልሷል መሰለሽ።

ሸዋ ሮቢት ነኝ

ስለ ማስተርጎሙ እኔ ልናገር። በሰዓት አትዋዋይ፤ በግማሽ ቀንና በሙሉ ቀን ተዋዋይ። ለሁለት ሰዓት ብለው ጠርተው ውለው ያመሻሉ። ትራንስፖርት፣ ምሳና ከተዋዋልሽው ጊዜ በላይ ስትሠሪ የሚታሰበው ከዋጋው ተለይቶ ይጻፍ።

የማሽኑን ማኑዋል ቀድመው ይላኩልሽ። የማሽኑ ክፍሎች ስም ያለበትን ገጽ ከሠራተኞቹ ጋር አስቀድመሽ እዪው፤ እነሱ የለመዱት አጠራር አላቸው። አንቺ ከመዝገበ ቃላት ያወጣሽውን ማንም አይሰማሽም።

ተናጋሪው ሲያቆም ነው የምታስተረጉሚው ወይስ እየተናገረ? ይህን ጠይቂ። እየተናገረ ከሆነ ብቻሽን እሺ አትበዪ። ባለሙያዎቹ ሁለት ሆነው በየ20 እና 30 ደቂቃው የሚቀያየሩት ቅንጦት ሆኖባቸው አይደለም፤ ጭንቅላት ይደክማል፣ ከዚያ ቁጥር መሳት ይጀመራል። ማሽን ላይ ደግሞ የተሳተ ቁጥር እጅ ይቆርጣል።

ፍሪላንሰር ነኝ

የኢሜይሉ ጉዳይ አልጣመኝም። አጭር ፈተና ያለ ነው፤ አንድ አንቀጽ፣ ቢበዛ አንድ ገጽ። አምስት ገጽ ግን ሥራው ራሱ ሊሆን ይችላል። ፕሮዝ (ProZ) በሚባለው የተርጓሚዎች ድረ ገጽ ላይ «ብሉ ቦርድ» የሚባል ክፍል አለ፤ ተርጓሚዎች ድርጅቶችን የሚመዝኑበት። ስሙን እዚያ ፈልጊ። ኢሜይሉ ከድርጅቱ የራሱ አድራሻ መምጣቱንም እዪ። የሌላ ተርጓሚ ሲቪ ሰርቀው ሥራ የሚለምኑ አሉ፤ «ትርፍ ከፍለንሻል፣ ልዩነቱን መልሺ» የሚሉ አጭበርባሪዎችም አሉ።

ዋጋን በገጽ ተዪው፣ በቃላት ቁጥር አድርጊው። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲሆን ግን የቃሉን ዋጋ ከፍ አድርጊ። «ከየቤታችን» አንድ ቃል ሆኖ ይቆጠራል፣ በእንግሊዝኛ ግን አምስት ቃል ይወጣዋል።

ከመሀል ሜዳ

ማሽን የተረጎመውን ማረም ጭራሽ አትንኪው ባይ ነኝ። በሩብ ዋጋ ሙሉ ሥራ ነው።

ፍሪላንሰር ነኝ

ወንድሜ፣ ሥራው ወደዚያ እየሄደ ነው፤ ብንሸሸው ሌላ ይወስደዋል። በቃል ሳይሆን በሰዓት ትጠይቅ። ፋይሉን ሳታይ ግን እሺ እንዳትል።

ከመሀል ሜዳ

በሰዓት እሺ ካሉማ ይሁን። እኔን ግን እሺ ያለኝ የለም።

ጠያቂ፣ ከጠባሴ

ኧረ ተባረኩ! ገንዘቡስ በምን ይመጣል? ፔይፓል ሞክሬ አልሆነልኝም።

ፍሪላንሰር ነኝ

ፔይፓል እዚህ አገር በተከፈተ አካውንት አይቀበልም። ባንክሽ ሄደሽ የስዊፍት ኮዱን፣ ማለትም ከውጭ ገንዘብ ሲላክ ባንኩ የሚለይበትን ኮድ ተቀበዪ፣ ኢንቮይስሽ (የክፍያ መጠየቂያሽ) ላይ ከሒሳብ ቁጥርሽ ጋር ጻፊው። ስምሽ ባንክ ያለውና ኢንቮይሱ ላይ ያለው አንድ ይሁን። መሃል ያሉ ባንኮች ስለሚቆርጡ ትንንሹን ሥራ አጠራቅመሽ በአንድ ኢንቮይስ ጠይቂ፤ የማስተላለፊያውን ማን እንደሚከፍልም ከሥራው በፊት ይጻፍ። 60 ቀኑን ደግሞ 30 በዪው፤ ለመጀመሪያ ሥራ ግማሽ ቅድሚያ መጠየቅም ነውር የለውም።

የአንኮበር ልጅ

ፋብሪካው ደረሰኝና ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ሊጠይቅሽ ይችላል። ቲን ከሌለሽ የሚቆረጠው ግብር በጣም ከፍ ይላል፣ ቀድመሽ አውጪ። ትርጉም ቤት ከፈለግሽ ደግሞ የማውቀው አለ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።