የማጽጃ ፍላሽ የጋራ ዕቅድ፦ ረቂቁ ይኸው፣ አስተያየት እስከ ዓርብ

ጸሐፊ
ረቂቁን ለጥፌያለሁ። ባጭሩ ይኸው ነው። የማኅበራችን እያንዳንዱ የፕሪንትና ኮፒ ቤት ሁለት ማጽጃ ፍላሽ ይኖረዋል። ኮምፒውተሩ ከፍላሹ ቡት ያደርጋል (ይነሳል)፣ ዊንዶውስ ሳይከፈት ቫይረሱ ተፈልጎ ይጸዳል። ይዘቱ በሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ይሆናል፣ በየወሩ ይታደሳል። መዋጮ በቤት 1,500 ብር። የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ሳይገባ ማለቅ አለበት። አምና ሰኔ ላይ በቫይረስ የደረሰብንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ አልደግመውም።

ገንዘብ ያዥ
1,500 ከየት መጣ? የሁለት ፍላሽ ዋጋ እዚያ አይደርስም። ዝርዝሩ ይምጣ። እንደ ጄኔሬተሩ ከሆነ እኔ አልፈርምም።

የፒያሳዋ
ዝርዝሩ ይቆይና ሥራው ይጀመር። ትናንት አንዲት ተማሪ ፍላሿን ስትሰካ ፎልደሮቿ በሙሉ ቀስት ያለባቸው ሾርትከት ሆነው ወጡ። እያንዳንዳቸው 2 ኪሎባይት። ፍላሹ ግን 3 ጊጋ ተይዟል ይላል። ልጅቷ እዚያው አለቀሰች። «እናንተ ናችሁ ያስገባችሁብኝ» አለችኝ። በሰው ፊት። ምን ልበላት?

የ6 ኪሎው ጥገና
እህቴ፣ ፋይሏ አልጠፋም፣ ተደብቆ ነው። አትሪብ በሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ ይወጣል። ሾርትከቱን ብቻ እንዳትከፍቱት፣ ሲከፈት ነው ስክሪፕቱ ወደ ማሽኑ የሚገባው። ድሮ፣ በፈረንጆቹ 2008 ኮንፊከር የሚባለው ቫይረስ ሲመጣ፣ ፍላሹን መሰካት ብቻ ይበቃው ነበር። አውቶራን የሚባለው የዊንዶውስ አሠራር በራሱ ያስነሳለታል። በ2011 ማይክሮሶፍት ኤክስፒና ቪስታ ላይም አውቶራኑን በአፕዴት ዘጋው። አሁን የሚያስነሳው የእኛው ጣት ነው።

ረቂቁን ግን እደግፋለሁ። ለሾርትከት ብዬ አይደለም፣ ለሳሊቲ ነው። ሳሊቲ የሚባለው ቫይረስ ፕሮግራሞቹ (ኤግዚ ፋይሎች) ውስጥ ነው የሚገባው። ዊንዶውስ ተከፍቶ ስታጸዳው እሱ ሜሞሪ ላይ ቁጭ ብሎ ያጸዳኸውን መልሶ ይበክላል። አንቲቫይረሱንም ይዘጋዋል። ዊንዶውሱ ሳይነሳ ከውጭ ከመጣህበት ግን ምንም ማድረግ አይችልም፣ ተራ ፋይል ነው።

የመርካቶው
ፍላሹን በጅምላ እኔ አመጣለሁ። ባለ 16 ጊጋ። ከደንበኛ ፍላሽ ጋር እንዳይምታታ ማንጠልጠያ ይኑረው። ቀይና ቢጫ ማንጠልጠያ እጄ ላይ አለ፣ በነጻ እጨምራለሁ።

የሜክሲኮው
ፍላሹን ማዘጋጀቱን ለእኔ ተዉት። ቬንቶይ የሚባለውን የማስነሻ ፕሮግራም ጭኜ ሦስት አራቱን አይኤስኦ (የማስነሻ ዲስክ ፋይል) አንድ ፍላሽ ላይ አስቀምጣለሁ። ካስፐርስኪና ዶክተር ዌብ የሚባሉትን አንቲቫይረሶች፣ አንድ ሊኑክስም። ቅዳሜ ናሙናውን ታያላችሁ።

የካዛንቺሱ
ቀይና ቢጫ? ማኅበሩ መቼ ነው የጊዮርጊስ ደጋፊ የሆነው?

የመርካቶው
ወንድሜ፣ ማንጠልጠያ ነው። በነጻ ነው።

የካዛንቺሱ
በነጻም ቢሆን። እኔ ቤት ጠረጴዛ ላይ የፈረሰኞቹ ቀለም አይንጠለጠልም። ቡናማና ቢጫ የለህም?

የሳሪሱ
ሃሃ። ቡና ዘንድሮ ከማንጠልጠያ ሌላ ምን ቀረው።

የካዛንቺሱ
አንተ ዝም በል። የቶነሩን ዕዳ ሳትከፍል ስለ ቡና አፍህን አትክፈት።

ገንዘብ ያዥ
የቶነሩ ዕዳ እውነት ነው። ሦስት ሰው ቀርቷል። ስም አልጠራም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

የ6 ኪሎው ጥገና
ከማንጠልጠያው በፊት አንድ ነገር። ፍላሽ ይጻፍበታል። ማጽጃውን ራሱን ቫይረስ ያለበት ማሽን ላይ ሰክታችሁ ዊንዶውስ ከተከፈተ ቫይረሱ ፍላሹ ላይ ይጫናል። ከዚያ በየማሽኑ የምታዞሩት ማጽጃ ሳይሆን ማዳረሻ ነው። ወይ መጻፍ የሚከለክል ቁልፍ ጎኑ ላይ ያለው ፍላሽ እንግዛ፣ ወይ ዲቪዲ ላይ እናቃጥለው። የተቃጠለ ዲቪዲ ላይ ምንም አይገባም።

የፒያሳዋ
ዲቪዲ ማንበቢያ ያለው ማሽን እኔ ዘንድ አንድ ብቻ ነው። እሱም አፉን አይከፍትም።

የመርካቶው
ባለ ቁልፉ ፍላሽ ገበያው ላይ እንደ ልብ አይገኝም። ቢገኝም ውድ ነው። ማንጠልጠያውን በተመለከተ ነጭም አለኝ።

የሳሪሱ
ነጭ በቀለም ቤት? በሳምንቱ ጥቁር ነው የሚሆነው።

የካዛንቺሱ
ጥቁር ይሁና ታዲያ ከመጀመሪያው።

የመርካቶው
ጥቁር ከደንበኛው ጋር ይምታታል። ሰዉ ሁሉ የሚይዘው ጥቁር ነው። ማንጠልጠያ ያልኩት ለምን ሆነና?

ጸሐፊ
ወደ ረቂቁ እንመለስ። እባካችሁ።

የካዛንቺሱ
ረቂቁ ላይ «አንድ ዓይነት ይሆናል» ይላል። ቀለሙም እዚያ ውስጥ ይገባል። ድምፅ ይሰጥበት።

የ4 ኪሎው
ድምፅ ከተሰጠ የጊዮርጊስ ደጋፊ ይበልጣል፣ ቁጥሩን ታውቀዋለህ። እኔ ቀይና ቢጫ ብያለሁ።

የካዛንቺሱ
ይኸው! ለዚህ ነው እኮ። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ከዚህ ማኅበር የወጣሁ ቀን ምክንያቱን ታውቁታላችሁ።

የመርካቶው
ለካ በነጻ የሰጠሁት ነው ያሰደበኝ። ፍላሹንም ሌላ ሰው ያምጣው። እኔ ወጥቻለሁ።

ሰብሳቢ
ልጆች፣ ምንድነው ይሄ? ቀኑን ሙሉ ደንበኛ እያስተናገድኩ ማታ ስከፍተው የማየው የገመድ ቀለም ነው። የካዛንቺሱ፣ አንተ ለአቅመ አዳም የደረስክ ሰው ነህ። የመርካቶው፣ አንተም ቶሎ አትኩረፍ። እሁድ እንገናኛለን፣ እዚያው ትነጋገሩበታላችሁ።

የካዛንቺሱ
እሺ ጋሼ። በእርስዎ ነው እንጂ።

የ6 ኪሎው ጥገና
ጋሼ፣ እግረ መንገዴን ልጨምር። ብዙዎቻችን ፍላሹም ላያስፈልገን ይችላል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ፣ አብሮት በሚመጣው አንቲቫይረስ በዲፌንደር ውስጥ፣ ዲፌንደር ኦፍላይን የሚባል አለ። ከራሱ ከዲፌንደሩ፣ የስካን ምርጫዎች ውስጥ ታገኙታላችሁ። ማሽኑን ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ሳይከፈት ይፈትሻል። ሩብ ሰዓት ገደማ ነው የሚወስደው። በነጻ ነው። አሁን በየቤታችሁ ሞክሩት። ፍላሹ የሚያስፈልገው ዲፌንደሩ ራሱ ለተገደለበት ማሽን ነው፣ ወይም እስካሁን ዊንዶውስ 7 ላይ ላላችሁት። 7 ድጋፉ ካቆመ ቆይቷል፣ 10ም ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል።

የ4 ኪሎው
በነጻ ካለ ለምን 1,500 እናዋጣለን?

ገንዘብ ያዥ
እኔም ይህንኑ ነው የጠየቅኩት። ከሰኞ ጀምሮ።

ጸሐፊ
ሁሉም ማሽን 10 እና 11 አይደለም እኮ። ደግሞ የደንበኛ ላፕቶፕስ?

የ6 ኪሎው ጥገና
የደንበኛ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አዲሶቹ ቢትሎከር የሚባለው የዲስክ መቆለፊያ ይበራባቸዋል። ከፍላሽ ስታስነሳው ዲስኩ የተቆለፈ ነው፣ ማጽጃው አንድ ፋይል አያይም። 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ያስፈልጋል። ቁልፉ ያለው የደንበኛው ማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ደንበኛው ደግሞ የአካውንቱን ፓስወርድ አያውቅም፣ ያወጣለት የሸጠለት ልጅ ነው። በዚህ ላይ ባዮስ (የማሽኑ የማስነሻ ሴቲንግ) ውስጥ ገብታችሁ ከነካካችሁ ዊንዶውሱም ራሱ ቁልፉን ሊጠይቅ ይችላል። ያኔ «ደህና ላፕቶፕ አምጥቼ ዘጋችሁብኝ» ይላችኋል። ስለዚህ የደንበኛ ማሽን ከረቂቁ ይውጣ። የራሳችንን ብቻ እናጽዳ።

ሌላው፣ የሚጸዳው ማሽን ዝም ብሎ ሸት ዳውን እንዳይደረግ። ሺፍት ተይዞ ይዘጋ። አለበለዚያ ፋስት ስታርታፕ የሚባለው የዊንዶውስ ቶሎ መነሻ ዲስኩን ግማሽ እንደተኛ ይተወዋል። ማጽጃው ሊኑክስ ስለሆነ ማንበብ እንጂ መጻፍ እምቢ ይላል። ቫይረሱን ያገኘዋል፣ መሰረዝ ግን አይችልም። ይህ የደረሰበት ሰው እዚህ ግሩፕ ላይ አለ፣ «ካስፐርስኪ አይሠራም» ብሎ ሲያስወራ ከርሟል።

የሳሪሱ
እኔን ነው? ንገረኝ፣ እኔን ነው?

የ6 ኪሎው ጥገና
ስም አልጠራሁም።

የሳሪሱ
ካስፐርስኪን ያልኩት በሌላ ምክንያት ነው። አሜሪካ ራሷ ከልክላዋለች።

የ6 ኪሎው ጥገና
በፈረንጆቹ 2024 ነው፣ እዚያ አገር እንዳይሸጥ። የራሺያ ድርጅት ስለሆነ ነው እንጂ ቫይረስ አያጸዳም ተብሎ አይደለም። የማትፈልጉት ከሆነ ክላምኤቪ የሚባል አንቲቫይረስ አለ፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ማባዛትም ይፈቀዳል። ግን ክላምኤቪ የተበከለን ፋይል አያክምም። ያገኘውን ወይ ይሰርዛል ወይ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውራል። ሳሊቲ የገባበት ማሽን ላይ ከለቀቃችሁት ፕሮግራሞቻችሁን ይዟቸው ነው የሚሄደው።

የፒያሳዋ
የሜክሲኮው፣ ናሙናው የታል? ቅዳሜ ነው ዛሬ።

ጸሐፊ
የሜክሲኮው?

የፒያሳዋ
ከትናንት ወዲያ ማታ ኦንላይን አይቼዋለሁ። የላክሁትን ግን አልከፈተም።

የ4 ኪሎው
እኔ ልሞክረው? ቬንቶይ ከወንድሜ ላፕቶፕ ላይ አለ። ዴሉ ላይ ኤፍ 12 ስለው ሰማያዊ ስክሪን መጣና «ቬሪፊኬሽን ፌይልድ» አለኝ። ፈርቼ ተውኩት።

የ6 ኪሎው ጥገና
አትፍራ። ሴኪዩር ቡት ነው፣ የማያውቀው ነገር ማሽኑን እንዳያስነሳ የሚከለክለው። መጀመሪያ ቀን ብቻ የቬንቶይን ቁልፍ አስመዝግብ ይልሃል፣ ትቀበለዋለህ፣ ያልፋል። ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 9 ነው። የሚታየውን ስክሪን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ እመራሃለሁ።

የሳሪሱ
እሱ ይቅር፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ሲፈተሽ ግማሽ ቀን ይፈጃል። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋስ?

የፒያሳዋ
ወይ ጉድ። እውነቱን ነው። እኛ ጋ በዚህ ሳምንት ስንቴ ጠፋ።

የ6 ኪሎው ጥገና
ስካን መሃል ላይ ቢጠፋ ብዙም አይጎዳም፣ እንደገና ይጀመራል። ፋይል እያከመ ሳለ ከጠፋ ነው ችግሩ።

የሳሪሱ
ይኸው ችግር አለ አላችሁ። ታዲያ መጀመሪያ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚይዘው ባትሪ፣ አይቀድምም? 1,500ውን ዩፒኤስ ላይ ብናደርገውስ? ቫይረስ ባይኖርም ይጠቅማል።

የመርካቶው
ዩፒኤስ ከሆነ እኔ አለሁ። በብዛት ከወሰዳችሁ ዋጋ እቀንሳለሁ። ባትሪው አዲስ ነው።

ገንዘብ ያዥ
ወጥተህ አልነበር?

የመርካቶው
ከማንጠልጠያው ነው የወጣሁት።

የካዛንቺሱ
ዩፒኤሱን እኔም እደግፋለሁ። ጥቁር ነው ደግሞ።

ሰብሳቢ
ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው። ለሁላችንም የሚታይ ነገር ነው። ባነርም ይጨመርበት። «በዚህ ቤት ፍላሽዎ በነጻ ይፈተሻል» የሚል። ደንበኛ ያመጣል።

የ6 ኪሎው ጥገና
ጋሼ፣ በምን ነው የምንፈትሸው?

ሰብሳቢ
ባለው። ዲፌንደር አላልክም?

የ6 ኪሎው ጥገና
ያልኩት የራሳችንን ማሽን ለማጽዳት ነው። መጀመሪያ የእኛ ካልጸዳ፣ ባነር አይቶ የመጣ ፍላሽ ሁሉ ይዞ ነው የሚመለሰው።

የፒያሳዋ
በነጻ የሚለው ይውጣ። 20 ብር ይሁን። እኔ በነጻ ስሠራ ልጆቼ ምን ይበላሉ?

የ4 ኪሎው
20 ካልክ ጎረቤቱ 10 ይላል። ዋጋው አንድ ይሁን፣ ረቂቁ ውስጥ ይግባ።

የፒያሳዋ
«ካልክ» አትበለኝ፣ ሴት ነኝ።

የ4 ኪሎው
ይቅርታ እታለም። ስልኩ ነው የጻፈው።

ጸሐፊ
የተሻሻለው ረቂቅ፣ ለእሁድ፦ አንደኛ፣ የዩፒኤስ የጋራ ግዢ፣ የመርካቶው የዋጋ ማቅረቢያ ያመጣል፣ ሌሎች ሁለት ቦታም ይጠየቃል። ሁለተኛ፣ ባነር፣ ጽሑፉ ላይ እንነጋገራለን። ሦስተኛ፣ የፍላሽ መፈተሻ ዋጋ፣ ከ10 እስከ 20 ብር። አራተኛ፣ ማጽጃ ፍላሽ፣ ለሙከራ አንድ ብቻ፣ ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል፣ የፈለገ ፈርሞ ይወስዳል። መዋጮው በዩፒኤሱ ምክንያት ከፍ ይላል።

ገንዘብ ያዥ
ከፍ ይላል ማለት ስንት? ሦስት ማቅረቢያ ካልመጣ ብር አይወጣም። የቶነር ዕዳ ያለበት ሰው ዩፒኤስ አይወስድም፣ ይህ ይጻፍልኝ።

የሳሪሱ
ይህማ እኔን ለማግለል ነው።

የ6 ኪሎው ጥገና
አንዱን ፍላሽ ሰው ሁሉ እየፈረመ በየቤቱ ካዞረው፣ ያልኩት ሁሉ ከንቱ ነው። ቢያንስ ያ አንዱ ባለ ቁልፉ ይሁን። እኔ ከኪሴ እገዛዋለሁ።

ጸሐፊ
ተመዝግቧል። ማንጠልጠያ ይኑረው?

የካዛንቺሱ
ይኑረው። ቀለሙ ግን እሁድ ይወሰን።

የፒያሳዋ
እሁድ ስንት ሰዓት ነው? 3 ከሆነ ቅዳሴ ወጥቼ ቤት ሳልደርስ ነው፣ 4 አድርጉት።