የጥር ሙሽሮች ነን፦ ሲሼልስ በጥር ወይስ ከፋሲካ በኋላ?

ጥያቄ (ሙሽራው)

ሰላም ለሁላችሁ። ሠርጋችን ጥር 17 ነው። መልሱና ቅልቅሉ ካለቀ በኋላ ጥር 22 አካባቢ ተነስተን 7 ሌሊት ሲሼልስ ለማሳለፍ አስበናል፤ በደሴቶቹ ተከፋፍሎ ማሄ 3፣ ፕራስላን 2፣ ላ ዲግ 2። አንዱ ወዳጃችን "በጥር ዝናብ ነው፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ" ይለናል፤ ሌላው ደግሞ "እዚያ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው" ይላል። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ነው ወይስ መጣ ሄድ ይላል? ከፋሲካ በኋላ ብናደርገው ምን እናተርፋለን? አውሎ ነፋስስ ያሰጋል? ከአዲስ አበባ ስንነሳ የሚያስፈልገንንም ወረቀት ንገሩን። ሁለታችንም ዋና አንችልም ማለት ይቻላል።

መልስ (ደመና ተመልካች)

እንኳን ደስ አላችሁ፣ የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ።

ሁለቱም ወዳጆችህ ልክ ናቸው፤ አንዱ ስለ ዝናብ፣ አንዱ ስለ ሙቀት ነው የነገረህ። አገሪቱ ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ 4 ዲግሪ ላይ ስላለች ሙቀቱ ከወር ወር አይለዋወጥም፦ ቀን ከ28 እስከ 31፣ ሌሊት 24 እና 25 ዲግሪ። የሚለዋወጠው ነፋሱ ነው። ዝናቡንም ማዕበሉንም የሚያመጣው እሱ ስለሆነ ጉዞ የሚታቀደው በነፋሱ ነው።

በሐምሌና በነሐሴ እኛን የሚያዘንበን የዝናብ መቀነት በጥር ወደ ደቡብ ወርዶ እነሱ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ የእነሱ ዝናብ የእኛ ተገላቢጦሽ ነው። በማሄ አውሮፕላን ማረፊያ የረጅም ዓመታት አማካይ መለኪያ መሠረት በጃንዋሪ 400 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንባል፤ በጁላይ 80 ያህል ብቻ። 400 ማለት አዲስ አበባ በነሐሴ ከምታገኘው ይበልጣል። አንተ የመረጥከው ሳምንት የሚያርፈው ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ፣ ዝናብ በሚበዛበት ወቅት ውስጥ ነው።

አወራረዱን በተመለከተ፣ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ዶፍ ወርዶ ፀሐይ ይወጣል። በጃንዋሪ ግን ሁለት ሦስት ቀን ደመናው ሳይገለጥ የሚቆይበት ጊዜ አለ፤ የፀሐዩ አማካይ በቀን 5 ሰዓት ነው፣ በሜይ 8 ይደርሳል። ማሄ ላይ ሞርን ሲሼልዋ የሚባለው 905 ሜትር ተራራ ደመናውን ስለሚያቆም፣ ዳገት ላይ ያሉ ማረፊያዎች ከባሕር ዳሩ የበለጠ ይዘንብባቸዋል። በዝናብ ወቅት ቁልቁለት ሥር ያለ ቤት አትከራዩ። በዲሴምበር 2023 በሰሜን ማሄ የጣለው ዝናብ ጎርፍና የመሬት መንሸራተት አስከትሎ ሰው ሞቷል።

አውሎ ነፋሱ አያስጨንቃችሁ። ነፋሱ እንዲሽከረከር ከምድር ወገብ ራቅ ማለት አለበት፤ ማሄ፣ ፕራስላንና ላ ዲግ ለወገቡ በጣም ስለሚቀርቡ ከመንገዱ ውጭ ናቸው። የሚመታው የሩቅ ደቡብ ደሴቶችን ነው፤ በኤፕሪል 2016 ፋንታላ የተባለው ፋርኳርን አውድሟል። እናንተ ግን ወደዚያ አትሄዱም።

ከፋሲካ በኋላ ብትሉ የተሻለ ነው፤ ሆኖም ፍጹም ደረቅ ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ኤፕሪል ነፋሱ የሚዞርበት ወር ስለሆነ ባሕሩ ይተኛል፣ ውኃውም ወደ 29 ዲግሪ ይሞቃል፤ ዝናቡ ግን አሁንም 190 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ወበቁም ከባድ ነው። በሜይ ዝናቡ ወደ 150 ዝቅ ይላል። ለእናንተ የሜይን የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት እመርጣለሁ። ከሜይ መጨረሻ ጀምሮ የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ጉልበት ያገኛል፤ ዝናቡ ሲቀንስ ማዕበሉ ይጨምራል።

መልስ (የአሸዋ ልጅ)

ዋና ካልቻላችሁ ከወሩ ይልቅ የባሕር ዳርቻው ፊት ወዴት እንደሚያይ ያሳስባችሁ። ሕጉ አጭር ነው፦ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ያለው ዳርቻ ይናወጣል፣ ከደሴቱ ጀርባ ያለው ይረጋል።

ከዲሴምበር እስከ ማርች ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ነው። ማሄ ላይ ቦ ቫሎን፣ ፕራስላን ላይ አንስ ላዚዮ ይናወጣሉ። ያኔ በምሥራቅ በኩል ያለው አንስ ሮያል ይሻላል፤ ኮራሉም (በባሕር ውስጥ የሚያድገው ድንጋይ መሰል ነገር) ከፊቱ እንደ አጥር ቆሞለታል። ከሜይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር ይገለበጣል፦ ቦ ቫሎንና አንስ ላዚዮ ይረጋሉ፤ የፕራስላን ግራንድ አንስ ደግሞ የባሕር ሣር እየተቆለለበት ይሸታል። ዋጋው ረከስ ብሎ አይታችሁ በጁላይ እዚያ ክፍል የያዛችሁ እንደሆነ ምክንያቱ ይህ ነው።

ላ ዲግ ላይ ግራንድ አንስ፣ ፔቲት አንስና አንስ ኮኮ ለዓይን እጅግ ውብ ናቸው፤ በደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ጊዜ ግን ሰው ጠልፎ ወደ ጥልቁ የሚጎትት ጅረት አለባቸው። ጉልበት ድረስ እንኳ አትግቡ። ለእናንተ የሚሆነው አንስ ሱርስ ዳርዣን ነው፤ በግራናይት ድንጋዮቹና በኮራሉ መካከል ያለው ውኃ ከወገብ ብዙ አያልፍም። ባሕሩ በሸሸ ጊዜ ግን ከቁርጭምጭሚት በታች ይሆንና ኮራሉ እግር ይቆርጣል። ስለዚህ የባሕሩን መሙያና መሸሻ ሰዓት ከማረፊያችሁ ጠይቁ፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ በየቀኑም በ50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። የላስቲክ የውኃ ጫማ ከዚሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ጥያቄ (ሙሽራው)

እግዚአብሔር ይስጥልን። ወደ ሜይ መጀመሪያ አዛውረነዋል። የቢጫ ወባ ካርድ ያስፈልጋል የሚሉን እውነት ነው? ጀልባውስ ያስቸግራል?

መልስ (ጤና ባለሙያዋ)

እውነት ነው ወንድሜ፣ በቀላሉም አትየው። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች መካከል ስለምትቆጠር፣ ከዚህ የሚነሳ ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ የሆነ መንገደኛ ሁሉ ካርዱን ማሳየት አለበት። ክትባቱ ሕጋዊ የሚሆነው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት ብትሯሯጡ አይጠቅምም። ከዚህ በፊት የተከተባችሁ ከሆነ አንድ ጊዜ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ካርዱ ላይ 10 ዓመት የሚል ቢኖርም ከ2016 ወዲህ ሕጉ ተቀይሯል።

ካርዱን ስትቀበሉ እዚያው ቆማችሁ ሦስት ነገር ተመልከቱ። ስማችሁ ከነአባትና ከነአያት ልክ በፓስፖርቱ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፍ፤ የክትባቱ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን፤ ፊርማና ማኅተም ይኑረው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከተጻፈ ለሚያነበው ሰው ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በፊት የተሰጠ ይመስላል። ክትባቱ ሕያው ነው፤ ሙሽራዋ ካረገዘች ወይም ለእንቁላል ብርቱ አለርጂ ያለበት ካለ አስቀድሞ ለሐኪም ይናገር።

የወባ ኪኒን አያስፈልግም፣ ሲሼልስ ውስጥ ወባ የለም። ዴንጊ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ ግን አለ፤ ትንኙ የሚነድፈው በቀን ስለሆነ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የትንኝ መከላከያ ተቀቡ፣ የፀሐዩ ክሬም ቀድሞ።

መልስ (ሻንጣ አሳሪ)

ቪዛ አይጠየቅም፤ ግን ከመነሳታችሁ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው፣ ክፍያም አለው። ፓስፖርት፣ የደርሶ መልስ ትኬትና የሁሉንም ሌሊቶች ማረፊያ ማረጋገጫ ይጠይቃል። አንድ ሌሊት ብቻ ክፍት ከተዋችሁ እሱ ላይ ትቆማላችሁ።

ጀልባው ከማሄ ፕራስላን አንድ ሰዓት ያህል፣ ከዚያ ላ ዲግ 15 ደቂቃ ነው። የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ ኪኒኑን አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ዋጡ፤ ታችኛው ፎቅ ወደ ኋላ ተቀመጡ፣ የፊቱ ወንበር ከሁሉ የበለጠ ይነሳል ይወድቃል። የደሴቶቹን ቅደም ተከተል ግን ቀይሩት። ማሄን በሁለት ክፈሉና የመጨረሻዋን ሌሊት እዚያ እደሩ። ላ ዲግ አድራችሁ በበረራችሁ ቀን ጠዋት ማዕበል ጀልባውን ካስቀረው አውሮፕላኑ አይጠብቃችሁም።

ሶኬቱ የእንግሊዝ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ የእኛ ቻርጀር አይገባበትም፤ ማስተላለፊያ ያዙ። ብር አይመነዘርም፣ ዩሮ ወይም ዶላር ይኑራችሁ። ሰዓታቸው ከእኛ በ1 ይቀድማል፤ በእነሱ 18፡10 ገደማ (በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ከ10) ፀሐይ ትጠልቅና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድቅድቅ ይላል። ላ ዲግ ላይ ብስክሌት ስትከራዩ መብራት ያለው ጠይቁ።

ለፎቶ ደግሞ፦ ማቀዝቀዣ ካለበት ክፍል ካሜራውን ወይም ስልኩን ቀጥታ ወደ ወበቁ ካወጣችሁት ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል። በዚፕ ላስቲክ ከረጢት ዘግታችሁ አውጡትና 20 ደቂቃ ያህል ሳትከፍቱ አቆዩት፤ ጤዛው ከላስቲኩ ውጭ ይቀራል። በሸሚዝ መጥረግ ጨዋማውን እርጥበት መስታወቱ ላይ ይለቀልቀዋል።