የአይሶሌተር ጓንት መግቢያ አየር ያሳልፋል፦ ጥፋቱ የኦሪንጉ ነው ወይስ የሌላ?

ጠያቂ (ቂሊንጦ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የመድኃኒት ፋብሪካ ጥገና ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። መድኃኒቱ ከጀርም ነፃ መሆኑ የሚመረመርበት ባለ አራት ጓንት አይሶሌተር፣ ማለትም እጅ በጓንት ብቻ የሚገባበት የታሸገ ሣጥን፣ አለን። ውስጡ ከሥራ በፊት በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ተን ይጸዳል። የሦስተኛው ጓንት መግቢያ ኦሪንግ (አየር እንዳያልፍ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) ሲያረጅ፣ ከውጭ የታዘዘው እስኪደርስ ተብሎ ከሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ገበያ ልኩ የሚመሳሰል ጥቁር ኦሪንግ ተገዝቶ ተገጠመ። አሁን ሣጥኑን እስከ 250 ፓስካል ሞልተን ለግማሽ ሰዓት ስንዘጋው ጠዋት ግፊቱ ይቆያል፤ ወደ ማታ ግን ይወርዳል። ኦሪንጉን አውጥቼ ሳየው ደርቋል፤ በጣት ሲለጠጥ ፀጉር የሚያህሉ ስንጥቆች ይታዩበታል። በሲሊኮን ማጣበቂያ ዙሪያውን ልድፈነው? ሥራው ባይቆም ደስ ይለኛል፤ መድኃኒቱን የሚጠብቅ ሕመምተኛ አለ።

የጎማ ዕቃ ሠሪ (ገላን)፦
ወንድሜ፣ ማጣበቂያውን ተወው። ጎማ ጥቁር መሆኑ ምንነቱን አይናገርም። ለመኪና የሚሸጠው ኦሪንግ በብዛት ናይትራይል የሚባል ጎማ ነው፤ ዘይትን ይችላል፣ ፐሮክሳይድ ግን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል። ያየኸው ስንጥቅ ይህንኑ ይመስላል። ለእናንተ ሥራ የሚሆነው ኢፒዲኤም፣ ሲሊኮን ወይም ቫይተን የሚባለው የጎማ ዓይነት ነው። ኢፒዲኤም ቢሉህ በቃል ብቻ አትመን። ከኦሪንጉ ትንሽ ቆርጠህ ውፍረቱን በካሊፐር ለካና የሞተር ዘይት ውስጥ አሳድረው። ኢፒዲኤም ከሆነ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ናይትራይል ከሆነ እምብዛም አይለወጥም። በዚሁ ምክንያት ኢፒዲኤም ላይ ቫዝሊን ወይም የመኪና ግሪስ አይቀባም። ስስ የሲሊኮን ቅባት ይበቃዋል። ኦሪንጉ ራሱ ሲሊኮን ከሆነ ደግሞ የሲሊኮን ቅባት ያሳብጠዋልና እርሱንም ተው።

ልኩን ከአሮጌው ኦሪንግ አትውሰድ፤ አሮጌው ተጨምቆ ጠፍጥፏል። ኦሪንጉ የሚቀመጥበትን ቦይ ጥልቀትና ስፋት ለካ። ሲገጠም ውፍረቱ ከ15 እስከ 30 በመቶ መጨመቅ አለበት። ከቸገረህ የኢፒዲኤም ገመድ በልኩ ቆርጠን አጣብቀን እንሠራልሃለን።

የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ (አቃቂ)፦
በመጨረሻው ሐሳብ አልስማማም፤ መጋጠሚያው ራሱ ደካማ ቦታ ይሆናል። ለአቧራ መከላከያ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ከጀርም ነፃ ለሆነ ሣጥን ግን በአንድ ወጥ ቅርጽ የተሠራና የምርት ሰነድ ያለው ኦሪንግ ይግዙ።

ሌላው፣ የጠዋትና የማታው ልዩነት የኦሪንግ ጠባይ አይመስለኝም። የተዘጋ አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል። እኛ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆንን የአየሩ ግፊት ወደ 78,000 ፓስካል ነው፤ ስለዚህ የ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ለውጥ ጠንካራ ግድግዳ ባለው ሣጥን ውስጥ ወደ 260 ፓስካል ያመጣል። እርስዎ የሚሞሉት 250 ነው! ፀሐይ ከቆርቆሮው ጣሪያ ስትወርድ ክፍሉ በግማሽ ዲግሪ ቢቀዘቅዝ እንኳ ምንም ቀዳዳ ሳይኖር የፈተናው ግማሽ ይጠፋል። ጓንቶቹ ስለሚለጠጡ ጥቂቱን ያካክሱ ይሆናል፤ ግን አይመኑት። የውጩ ግፊትም አለ፦ በየቀኑ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ይወርዳል፣ ከዚያ መልሶ ይወጣል። ሲወርድ መለኪያዎ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ እውነተኛ ቀዳዳ ሊሸፍን ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ጠዋት «አለፈ» የተባለው ነው። በሣጥኑ ውስጥ ቴርሞሜትር ያስቀምጡ፤ በፈተናው መጀመሪያና መጨረሻ ሙቀቱን ይመዝግቡ። አራቱንም የጓንት መግቢያዎች በየተራ፣ በተቀራረበ ሰዓት በመፈተሻ ክዳን ይፈትኗቸው። አራቱም እኩል ከወረዱ ሙቀቱ ነው፤ ሦስተኛው ብቻውን ከወረደ እርሱ ነው።

የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ (ለቡ)፦
እህቴ ያሉት ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው፣ ሦስተኛው ብቻውን ቢወርድም ወዲያው ኦሪንጉን አትክሰሰው። ግፊት እንዳለ የሳሙና ውሃ በስስ ብሩሽ ቀባና አረፋ የሚነሣበትን ተመልከት፦ እጅጌው ቀለበቱን በሚይዝበት፣ ጓንቱ ከእጅጌው በሚጋጠምበት፣ ቀለበቱ ከመስኮቱ ጋር በብሎን በታሰረበት። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ብሎኖቹ በአንድ ወገን ተጠብቀው በሌላው ከላሉ ጋርኒሲዮኑ (በመካከል ያለው ማሸጊያ) ይሸሻል፤ በመስቀለኛ ተራ፣ ጥቂት በጥቂት አጥብቃቸው። ጓንቱንም በአውራ ጣቱና በጣቶቹ ጫፍ ላይ እየለጠጥክ በብርሃን እይ።

ማጣበቂያ አለመጠቀምህ ለሌላም ይረዳል። ብዙ አይሶሌተሮች ቀለበታቸው ላይ ሁለት ቦይ አላቸው፤ አዲሱ ጓንት በአሮጌው ላይ ከተገጠመ በኋላ አሮጌው ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ሣጥኑም ሳይከፈት ይቀየራል። የተጣበቀ ቀለበት ይህን ያሳጣሃል።

ከሁሉ በፊት ግን ያ መግቢያ ሳይስተካከል ፐሮክሳይዱን አታስነሣ። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ሕግ ለ8 ሰዓት ሥራ በአየር ውስጥ የተፈቀደው የፐሮክሳይድ አማካይ መጠን በሚሊዮን 1 እጅ ነው፤ በማሽተት አይለይም፣ ዳሳሽ ያስፈልጋል።

ጠያቂ (ቂሊንጦ)፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቁራጩ ዘይት ውስጥ አድሮ ምንም አላበጠም፤ ናይትራይል መሆኑ ነው። አራቱን በየተራ ስንፈትን ሁሉም ማታ ላይ ወረዱ፣ ሦስተኛው ግን ከሁሉም ይብሳል፤ አረፋውም የተነሣው ከኦሪንጉ ነው። ተኑን አቁመናል። ኢፒዲኤሙ ሲመጣ እስኪገጠም የት ላስቀምጠው? ጓንቶቹስ በየስንት ጊዜ ይፈተኑ?

የጎማ ዕቃ ሠሪ (ገላን)፦
በከረጢቱ እንዳለ፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ። ምስማር ላይ አትስቀለው፣ ቅርጹ ይበላሻል። ከኤሌክትሪክ ሞተር አጠገብም አታኑረው፤ ከብልጭታው የሚወጣው ኦዞን ጎማ ይሰነጥቃል።

የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ (አቃቂ)፦
ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት የመልካም አመራረት መመሪያ አባሪ 1 ለጓንቶች ቢያንስ በእያንዳንዱ የምርት ዙር መጀመሪያና መጨረሻ ይላል። እናንተም ይህን ያዙ። ኢፒዲኤሙ ከመገጠሙ በፊት በጠዋት ብቻ «አለፈ» ተብለው የተመዘገቡትን ፈተናዎች ደግሞ ለጥራት ክፍላችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ በዚያ ሣጥን የተመረመሩትን መድኃኒቶች እነርሱ እንደገና ይዩአቸው።