«ሕዝቡ ተቆጥቶ ነው» ማለት ምን ማለት ነው?

ሰላም ዘሐዋሳ፦ ትናንት ስለ ዓባይ ስንከራከር ጌታሁን የጻፈው ነገር ሌሊቱን ሲያንገበግበኝ አደረ። የላይኛው ተፋሰስ ሲገፋ ምን እንደሚመጣ ላሳያችሁ ብሎ የላይኛዋ ካርናታካና የታችኛዋ ታሚል ናዱ የሚባሉት ክፍለ ግዛቶች የሚጣሉበትን የህንዱን የካቬሪ ወንዝ አነሣ፤ በ1991 እ.ኤ.አ. በካርናታካ ዋና ከተማ ባንጋሎር ውስጥ የታሚል ናዱ ቋንቋ ተናጋሪ በሆኑት ታሚሎች ላይ የወረደውን መዓት ግን «ሕዝቡ ተቆጥቶ ነው» ብሎ አለፈው። ቤትና ሱቃቸው የነደደው ታሚሎች እኮ የባንጋሎር ነዋሪዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ የቀን ሠራተኞች። የሚጠጡት የከተማውን ውሃ፣ ያንኑ ካቬሪን ነው። ወደ ታሚል ናዱ ማን ምን ያህል ይልቀቅ በሚለው ውስጥ ምን እጅ አላቸው?

ጌታሁን፦ ቆርጠሽ አታቅርቢው። ያነሣሁት ስለ ፍርዱ ነው። የ1924ቱ የካቬሪ ውል ማይሶርና ማድራስ፣ የዛሬዎቹ ካርናታካና ታሚል ናዱ፣ በእንግሊዝ ዘመን የተፈራረሙት ነው። በ1974 50 ዓመቱ ሞላ ተባለ፤ ኋላ ደግሞ በጁን 1991 የካቬሪን ውሃ ክርክር የሚዳኘው ልዩ ፍርድ ቤት መጣና ካርናታካን በየዓመቱ 205 ቢሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ልቀቂ አላት፤ 5.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ መሆኑ ነው። የ1929ኙና የ1959ኙ የናይል ውል የሚያቃጥለው ኢትዮጵያዊ ይሄ እንዴት አይገባውም?

ዮናስ ከዳላስ፦ ይገባዋል። እኔም ካርናታካ እውነት ነበራት ባይ ነኝ። ግን «ሕዝቡ» የምትለውን ማን እንዳሞቀው ለምን ዘለልከው? የካርናታካ ዋና ሚኒስትር ባንጋራፓ ውሳኔውን የሚሽር አዋጅ አወጡ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጣለው። ዲሴምበር 11 ውሳኔው በመንግሥት ጋዜጣ ወጣ፤ በማግስቱ እሳት። ቢያንስ 16 ሰው ሞቷል፣ የተሰደደው ብዙ ነው። ወራት ሙሉ የተቆሰቆሰ ነገር በድንገት ገንፍሎ የመጣ ቁጣ አይባልም።

ጌታሁን፦ በ2016 በዚሁ ውሃ ሁከቱ ሲያገረሽስ ማን ጀመረው? በታሚል ናዱ ዋና ከተማ ቼናይ ውስጥ የካርናታካ ሰው ሆቴል ተሰባብሮ አይደል? እዚያው ታሚል ናዱ፣ ራሜስዋራም ላይ የካርናታካ ሰሌዳ ያላቸው መኪኖችስ አልተጠቁም?

ሰላም ዘሐዋሳ፦ እሱም ወንጀል ነው፣ ያው ወንጀል። ሆቴሉን የሰበረውን አሳዶ መያዝ ነበር እንጂ ባንጋሎር ላይ የታሚል አውቶቡሶችን በአንድ ግቢ በደርዘን ማቃጠል ምን የሚሉት መልስ ነው? ሾፌሩን አስወርዶ ቋንቋውን መፈተን ውሃ ይጨምራል?

ማርታ ቢ፦ እኔ ካርናታካ ውስጥ ማይሶር ከተማ ነው የተማርኩት። ጎረቤቶቼ የካርናታካው ቋንቋ፣ የካንናዳ፣ ተናጋሪዎች ነበሩ፣ ደጎች። ሁሉንም በአንድ አትፈርጁ።

ዮናስ ከዳላስ፦ ማን ፈረጀ? ጎረቤቶችሽ ደግ ስለሆኑ የተቃጠለው ቤት አልተቃጠለም?

ማርታ ቢ፦ እንደሱ አላልኩም! አንተ ሰው ሲናገር አታስጨርስም፤ ባለፈውም እንዲሁ ነህ።

አባ መላ፦ ልጆች፣ እሱን ተዉት። ቋንቋ እየለዩ ሰው ማሳደድን እኛ ቤት የማያውቅ የለም። ጌታሁን፣ እዚህ አገር ይሄው ሲደረግ «ሕዝቡ ተቆጥቶ ነው» ሲሉህ ዝም አልክ?

ጌታሁን፦ አባ፣ የአገራችንን አያምጡብኝ። እሱ ሌላ ነው።

አባ መላ፦ በምን ሌላ ሆነ?

ጌታሁን፦ ወደ ውሃው እንመለስ። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የካርናታካን ድርሻ በ14.75 ቢሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ከፍ አድርጎላታል። ተበድላ ነበር ማለት ነው። ይህን አንዳችሁም አልተናገራችሁም።

ሰላም ዘሐዋሳ፦ በጠበቃና በመረጃ ተከራክራ ያገኘችው ነው፤ በእሳቱ ያገኘችው አንድ ጠብታ የለም። ከጭማሪው 4.75ቱ ለባንጋሎር መጠጥ ውሃ ነው፤ እዚያ የሚኖረው ታሚልም ይጠጣዋል። እስቲ ስለ 1991ዱ ሟቾች አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ፣ «ግን» የሌለበት።

ጌታሁን፦ አዝናለሁ ብያለሁ እኮ። ግን ውሉን የፈረመው ማን ነው?

ዮናስ ከዳላስ፦ የት ነው ያልከው? ከላይ ጀምሬ ሁሉንም አነበብኩ፣ የለም።