«አለመረጋጋት» ለደመና ይሆናል?

ተርጓሚዋ፦ ለተማሪዎች በማዘጋጀው ጽሑፍ አንድ ዐረፍተ ነገር ሦስት ቀን ይዞኛል። «በ200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ከሮኬት የተለቀቀው የባሪየም ደመና አለመረጋጋት ያድርበትና ይተረተራል» ብዬዋለሁ። የፀሐይ ብርሃን በግማሽ ደቂቃ ገደማ ከባሪየሙ ኤሌክትሮን ነጥቆ ፕላዝማ (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ጋዝ) ያደርገዋል፤ ካልተነጠቀው አረንጓዴ ደመና የተነጠቀው ሐምራዊ ይለይና በምድር መግነጢሳዊ መስመሮች ላይ ይለጠጣል። በፊዚክስ «instability» የሚባለውን «አለመረጋጋት» ስል አንባቢ የአገር ጸጥታ እንዳይመስለው ሰጋሁ።

የዜማ ልጅ፦ እህቴ፣ ቃሉ ምን ጎደለው? ሥሩ ግእዙ «ረግዐ» ነው። እርጎም ከዚያው ነው፤ መጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 10ን ይመልከቱ። ደመናው ያልረጋ ወተት ነው። «ረዐደ»ም የዚሁ ዘመድ ይመስለኛል፤ ያልረጋ ይርዳልና።

የቅኔ ቤት፦ ሰባት ዓመት ግስ አውርጃለሁ፤ «ረዐደ» እና «ረግዐ» አይዛመዱም። ፊደል ስለተቀራረበ ዘር አይሆንም። ለደመናው «ሁከት» ይበሉት፤ «ሀወከ» ነው። ዳዊት በመዝሙር 41 ነፍሱን «ለምንስ ታውኪኛለሽ» የሚላት በዚሁ ቃል ነው።

የፊዚክስ መምህር፦ መምህር፣ በአክብሮት እቃወማለሁ። ሁከት ዘግይቶ የሚመጣ ነው። እዚህ የተፈለገው ከሁከቱ በፊት ያለው ጠባይ ነው። ደመናው ገና ለስላሳ ሳለ በአንድ ጎኑ ትንሽ ሽብሽብ ትፈጠራለች። ነፋሱ አዮኖቹን (ኤሌክትሮን የተነጠቁትን የባሪየም አተሞች) ገፋ ያደርጋል፣ ኤሌክትሮኖቹን መግነጢሱ ይይዛቸዋል። በሽብሽቧ አንድ ግድግዳ አዎንታዊ፣ በሌላው አሉታዊ ሙል ይከማቻል። በመካከላቸው የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ መስክ ሽብሽቧን ይበልጥ ያጎደጉዳታል። ያልረጋ ወተት ግን ቢነኩት ተመልሶ ይተኛል። «ሽብሽብን የሚያሳድግ ጠባይ» የሚል ቃል ነው የጎደለን።

የሸማኔ ልጅ፦ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀርመኑ የማክስ ፕላንክ ተቋም ከለቀቃቸው ደመናዎች የአንዱን ፎቶግራፍ አይቻለሁ። ጫፉ ያልተቋጨ ጋቢ ይመስላል፤ ፈትሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። መተርተሩን «ዘርፍ ማውጣት» ብንለውስ?

የቅኔ ቤት፦ ዘርፍ ለጌጥ የሚሠራ ነው። ይህ መፈታት ነው።

ተርጓሚዋ፦ ነገ ጠዋት አስረክባለሁ። «አለመረጋጋት»ን ልተወው ወይስ ላቆየው?

የዜማ ልጅ፦ ከማስረከብዎ በፊት «ረግዐ» በዐይኑ «ዐ» መጻፉን ያረጋግጡ። ይኸው፣ «ማረጋገጥ» ራሱ ከ«ረጋ» ነው!

የቅኔ ቤት፦ ከ«ረገጠ» ነው። «ጠ»ዋን የት ሊያደርጓት ነው?