ለአደራ ቤተሰብ የሚሰጠውን ብር እንዴት እንክፈል?

ሰላም ለሁላችሁ። በሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ከአደራ ቤተሰብ፣ ማለትም ልጁን ተቀብሎ ከሚያሳድግ ቤተሰብ ጋር የምናገናኝ ባለሙያዎች ነን። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለው ቤተሰብ ይበልጥ ያስፈልጋል። እኛን ያስቸገረን የክፍያው ነገር ነው።

ድጋፉ በየወሩ እኩል፣ በጥሬ ብር ይሰጣል። የገበሬ ወጪ ግን በየወሩ እኩል አይመጣም። ሰኔ ላይ ማዳበሪያ አለ፣ ክረምቱን ጎተራው ይሟጠጣል፣ መስከረም ሲጠባ ደብተርና ዩኒፎርም ይደራረባል። ብሩ እዚያው ይገባል። ይህን ማጭበርበር ማለት ግፍ ነው፤ ልጁም የሚበላው ከዚያው መሶብ ነው። የሚያሳዝነው የእሱ የብቻው ነገር ሲቀር ነው፦ በዚያ የደጋ ብርድ፣ ብርድ ልብሱ ሳስቶ፣ የጫማው ሶል ተላቆ በሲባጎ ታስሮ ይገኛል።

ጫማና ደብተር በዓይነት ሲሰጥ ደግሞ የቤቱ ልጆች ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ፤ ቂሙ አደራው ልጅ ላይ ያርፋል። ክፍያው ከፍ ሲል ለብሩ ብቻ የሚመጣ ይበዛል፤ ዝቅ ሲል ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ደግ ሰው ልጁን መቀበል ያቅተዋል። በድንገት ሲቋረጥማ ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ ቤት ያጣል።

አሁን ያሰብነው ለምግብ በየወሩ አነስ ያለ ብር፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለቤቱ ልጆች በሙሉ የትምህርት ቁሳቁስ፣ የጤና መድን መዋጮውን ደግሞ በቀጥታ መክፈል ነው። እንዲህ ከፋፍላችሁ የሠራችሁ አላችሁ? ድጋፉ ሲያበቃ በስንት ወር ቀስ እያላችሁ ቀነሳችሁት? ልጁን ሳታሳቅቁ ወጪውንስ በምን ተከታተላችሁ? እባካችሁ፣ የምታውቁትን ጻፉልን።