ባሪስተር ለመሆን የሚያመለክቱ ልጆቻችንን ስለመደገፍ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

ሰብሳቢ
ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው እንደተነጋገርነው፣ እዚህ እንግሊዝ አገር ባሪስተር፣ ማለትም ፍርድ ቤት ቆሞ የሚከራከር ጠበቃ፣ መሆን የሚፈልጉ ወጣቶቻችንን የምንረዳበትን ሐሳብ ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ እናቀርባለን። ረቂቁ ለጊዜው አጭር ነው። በየዓመቱ ሁለት ተማሪዎች እንመርጥና ለባር ኮርስ (ባሪስተር ለመሆን ለሚወሰደው ትምህርት) ክፍያ እያንዳንዳቸው 1000 ፓውንድ እንሰጣለን። የሚጨመርም የሚቀነስም ካለ እስከ እሑድ እዚሁ ጻፉ። በጉባኤው ፊት ስንቆም ሁላችንም የምናምንበት ሐሳብ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

የባር ኮርስ የጨረሰች አባል
ሰብሳቢያችን፣ እናመሰግናለን። ዓላማውን ከልቤ እደግፋለሁ። ገንዘቡ የሚውልበት ቦታ ላይ ግን አልስማማም።

ኮርሱ እንደየትምህርት ቤቱና እንደየከተማው ከ12 ሺህ እስከ 20 ሺህ ፓውንድ አካባቢ ያስከፍላል። እዚያ ላይ 1000 ፓውንድ ብንጨምር የማንንም ሕይወት አይለውጥም። ትልቁ ገንዘብ ያለው ኢን በሚባሉት አራቱ የባሪስተሮች ማኅበራት ዘንድ ነው፤ ማለትም ሊንከንስ ኢን፣ ኢነር ቴምፕል፣ ሚድል ቴምፕልና ግሬይስ ኢን። ባሪስተር የሚሆን ሰው ከአራቱ የአንዱ አባል መሆን ግዴታው ነው። አራቱ አንድ ላይ በዓመት ከ6 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ። ሙሉውን የኮርስ ክፍያ የሚሸፍንም አለ። አንዳንዶቹ አሸናፊውን በብቃት ይመርጡና የገንዘቡን መጠን በቤተሰብ ገቢ ይወስናሉ። ይህ ለእኛ ልጆች የተመቸ ነው።

ችግሩ ቀኑ ነው። በሴፕቴምበር ኮርስ ለመጀመር የስኮላርሺፕ ማመልከቻው የሚዘጋው ባለፈው ዓመት ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ነው። ተማሪው የመጨረሻ ዓመቱን ገና በጀመረበት ሰሞን ማለት ነው። በዚያ ላይ ማመልከት የሚቻለው ለአንድ ኢን ብቻ ነው። እኛ ሰፈር ይህን የሚያውቅ ቤተሰብ በጣም ጥቂት ነው። ልጁ ተመርቆ፣ ድግሱ ተደግሶ፣ "አሁንስ ምን አሰብክ?" ሲባል ቀኑ ካለፈ ወራት ሆኖታል።

ሌላው ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። ኮርሱን መጨረስ ብቻውን የጥብቅና ሥራ አያሠራም። ከዚያ በኋላ ፒዩፒሌጅ የሚባል የ12 ወር የሥራ ላይ ሥልጠና አለ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ልምድ ያለው ባሪስተር ሥር ሆኖ እየተከታተለ ይማራል። በቀሩት ስድስት ወራት የራሱን ጉዳይ ይዞ ፍርድ ቤት ይቆማል። በዓመት የሚገኘው የፒዩፒሌጅ ቦታ 600 አካባቢ ነው፣ ኮርሱን የሚጀምረው ሰው ግን ከ2000 በላይ ነው። ብዙዎቹ ወደ ማሌዥያ፣ ወደ ባንግላዴሽ ተመልሰው የሚሠሩ ስለሆኑ ቁጥሩ እንዳለ አያስደንግጠን። ቢሆንም ቦታ ያላገኘው ሁሉ በዓመቱ ተመልሶ ወረፋው ላይ ይጨመራል። ኮርሱ ካለቀ በ5 ዓመት ውስጥ ፒዩፒሌጅ መጀመርም ያስፈልጋል።

ስለዚህ ገንዘባችንን ለዝግጅት እናውለው እላለሁ። ለልምምድ ቃለ መጠይቅ፣ ለባቡር፣ ቼምበር (ባሪስተሮች አብረው የሚሠሩበት ቢሮ) ሄዶ ለማየት።

አንድ አባት፣ ከሌስተር
ልጄ ሕግ ሁለተኛ ዓመት ናት። ስለ ኖቬምበሩ ቀን ገና ዛሬ መስማቴ ነው። እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ። አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔና እናቷ ለኮርሱ ብለን ዕቁብ ገብተናል። ስኮላርሺፑን ብታጣ ዝም ብለን ከኪሳችን ከፍለን እናስጀምራት ወይስ ትጠብቅ?

ፒዩፒል ባሪስተር አባል
ጋሼ፣ እንደ እኔ ቢሆን ትጠብቅ። ብዙ ቼምበሮች ልጅ የሚመርጡት ፒዩፒሌጁ ሊጀመር አንድ ዓመት ተኩል ያህል ሲቀረው ነው። ፒዩፒሌጅ ጌትዌይ በሚባለው የማመልከቻ ድረ ገጽ በኩል ክፍት ቦታዎቹ በኖቬምበር መጨረሻ ይታያሉ፣ ማመልከቻው ከጃንዋሪ መጀመሪያ ጀምሮ ይገባል፣ ውጤቱ በሜይ ይነገራል። ስለዚህ ኮርሱን ሳትጀምር ፒዩፒሌጅ ማመልከት ትችላለች። ቦታውን ይዛ ኮርስ ብትገባ የእርስዎም እንቅልፍ የሰላም ይሆናል። አንዳንድ ቼምበሮች ከፒዩፒሌጅ ደመወዙ ላይ ቀንሰው ለኮርሱ ዓመት ቀድመው ይሰጣሉ። ደመወዙም ቢሆን ድሮ የነበረው አይደለም። እስከ 2019 ዝቅተኛው በዓመት 12 ሺህ ፓውንድ ነበር፤ አሁን በየዓመቱ ከኑሮ ወጪ ጋር ስለሚስተካከል ከ20 ሺህ በላይ ነው።

የግድ መጀመር ካለባት ኮርሱን ከማስተርስ ጋር አጣምረው የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች አሉ። እንዲያ ሲሆን የመንግሥት የማስተርስ ብድር መውሰድ ይቻላል። ዕቁቡን ለጊዜው አይንኩት።

አሁን ወደ ረቂቁ ልምጣ። በዝግጅቱ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ምን ዓይነት ዝግጅት የሚለው ላይ ግን ትንሽ ልቆይ።

የልጆቻችንን ማመልከቻ አንብቤ የማየው አንድ ነገር አለ። ትልቁን ልምዳቸውን አይጽፉትም። ከልጅነቷ ጀምሮ የሆም ኦፊስ (የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት) ደብዳቤ ለእናቷ ያነበበች፣ ካውንስል ቢሮ ቆማ ስለ ቤት የተከራከረች፣ ሐኪም ፊት ያስተረጎመች ልጅ "የጥብቅና ልምድ የለኝም" ብላ ትጽፋለች! የቼምበር ሰዎች የሚፈልጉት እኮ ይህንኑ ነው። ውስብስብ ወረቀት አንብቦ ለማያውቀው ሰው በቀላል ቋንቋ ማስረዳት፣ ለሌላ ሰው ብሎ ባለሥልጣን ፊት መቆም። ሱፐርማርኬት ውስጥ መሥራትም እንደዚያው ነው። ጽፈው ከምን ተነስተው ምን እንዳደረጉና ምን እንደተገኘ ያሳዩ።

ቃለ መጠይቁ ላይ ያለው ችግር ደግሞ ከአስተዳደጋችን ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ታላቅ ሲናገር ዝም በል ብለን ነው ያደግነው። ጠያቂዎቹ ግን ሆን ብለው ያቋርጡሃል፣ "አልተስማማሁም" ይሉሃል። ልጁ ጨዋ ስለሆነ ወዲያው ሐሳቡን ይለቃል። እነሱ ማየት የሚፈልጉት ተከብሮም አክብሮም አቋሙን የሚይዝ ሰው ነው። የተሻለ ነጥብ ከመጣ ነጥቡን ተቀብሎ የቀረውን የሚከላከል። ይህ በንባብ አይመጣም፤ ደጋግሞ ፊት ለፊት መለማመድ ነው መድኃኒቱ።

የሥነ ምግባር ጥያቄም አይቀርም። "ደንበኛህ ወንጀሉን እንደፈጸመ ነግሮህ፣ ጥፋተኛ አይደለሁም ብዬ እከራከራለሁ ቢልህስ?" የሚለው የታወቀ ነው። የዐቃቤ ሕግን ማስረጃ መፈተን ትችላለህ፤ ያልሆነ መሆኑን እያወቅህ "አልነበረም፣ ሌላ ቦታ ነበር" ብለህ ግን ለፍርድ ቤቱ ማቅረብ አትችልም። ለዚህ የሦስት ደቂቃ መልስ አዘጋጅቶ ጮክ ብሎ መለማመድ ያስፈልጋል።

ከቻላችሁ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹን ስጡን። እኔ እመጣለሁ፣ ጓደኞቼንም አመጣለሁ።

ገንዘብ ያዥ
ጥሩ ጥሩ ሐሳብ ነው የመጣው። ከእኔ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ የታሰበው 2000 ፓውንድ ሳይጨምር ሳይቀንስ ለዚህ ሊውል ይችላል። ባቡር፣ አንድ ጥቁር ሱፍ፣ የማደሪያ ወጪ፤ ደረሰኝ ለሚያቀርብ እንከፍላለን። ኢኑ ወይም ቼምበሩ የሚከፍለውን ግን እኛ ደግመን አንከፍልም።

ሁለተኛ፣ የተመዘገብን የበጎ አድራጎት ማኅበር ነን። የኮሚቴ አባል ልጅ ካመለከተ አባትየው ወይም እናትየው አስቀድሞ ያሳውቅ፣ ውሳኔ ሲሰጥም ከክፍሉ ይውጣ። ይህ በግልጽ ይጻፍልኝ። በኋላ ሐሜት አንፈልግም።

አንዲት አባል፣ ከማንችስተር
እኔ በሌላ በኩል ልምጣ። ለምን ባሪስተር ብቻ? ሶሊሲተር፣ ማለትም ደንበኛን በቢሮ የሚያማክር ጠበቃ፣ የሚሆኑ ልጆችም አሉን። ለእነሱ ከ2021 ጀምሮ ኤስኪውኢ የሚባል ፈተና መጥቷል፤ የሁለት ዓመት የሥራ ልምዱንም ከተለያየ ቦታ ማጠራቀም ይቻላል። የሕግ ምክር ማዕከል ውስጥ የሠሩት ጭምር ሊቆጠር ይችላል። እነሱን ረስተን ጉባኤ ፊት ብንቀርብ ጥያቄ ይነሳል።

የባር ኮርስ የጨረሰች አባል
እህቴ፣ ትክክል ነሽ፤ የሚያስፈልጋቸው ግን የተለየ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ብናደርግ ሁለቱንም በደንብ አንሠራም ብዬ እፈራለሁ። ዘንድሮ በባሪስተሩ እንጀምር፣ በሚቀጥለው ዓመት የሶሊሲተሩን አንቺ ብታስተባብሪስ?

ሌላ አንድ ነገር ልጨምር። ለንደን ያሉ ልጆች ፍሪ ሪፕረዘንቴሽን ዩኒትን ይሞክሩ። ከ1972 ጀምሮ ያለ ድርጅት ነው። ሥልጠናቸውን ያለፈ ተማሪ ጠበቃ መክፈል ለማይችል ሰው በሥራ ክርክርና በማኅበራዊ ድጎማ ጉዳይ ትራይቡናል (እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን የሚያይ ልዩ ችሎት) ፊት ይቆማል። ከዚህ የተሻለ ለማመልከቻ የሚጻፍ ነገር አላውቅም። ገና ዩኒቨርሲቲ ላልገቡት ደግሞ የባር ካውንስል (የባሪስተሮች የሙያ ማኅበር) የሚያዘጋጀው ባር ፕሌስመንት ዊክ የሚባል ሥራውን የማየት ሳምንት አለ። ኢነር ቴምፕልም ፓስ በሚባለው ፕሮግራሙ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ለመጡ ተማሪዎች ሚኒ ፒዩፒሌጅ ያመቻቻል፤ ወጪያቸውንም ይሸፍናል። ሚኒ ፒዩፒሌጅ ማለት ጥቂት ቀን ቼምበር ውስጥ ባሪስተር ተከትሎ ሥራውን ማየት ነው። ሰው ሳያውቁ ማግኘት ከባድ የሚሆነው እሱ ነው፤ እዚህ ጋ ማኅበሩ በሰው በሰው ሊረዳ ይችላል።

አገር ቤት ሕግ የተማረ አባል
እኔ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው ሕግ የተማርኩት፣ ጥብቅናም ሠርቻለሁ። እዚህ መጋዘን እየሠራሁ ዓመታት አለፉ። እንደ እኔ ያሉትን ረቂቁ ይመለከታል?

ፒዩፒል ባሪስተር አባል
ወንድሜ፣ በደንብ ይመለከታል እንጂ። አንተ ለምንም ኮርስ ከመክፈልህ በፊት ባሪስተሮችን ለሚቆጣጠረው ለባር ስታንዳርድስ ቦርድ አመልክት። በሌላ አገር ጠበቃ ሆነው ለሠሩ የተለየ መንገድ አለ። ከሥልጠናው የትኛው እንደሚቀርልህ፣ የትኛውን ፈተና እንደምትወስድ እነሱ ናቸው የሚወስኑት። የእኛ አገር ሕግ የተጻፉ ኮዶች ላይ የቆመ ነው፣ እዚህ ደግሞ የቀደሙ ፍርዶች ትልቅ ቦታ አላቸው፤ ስለዚህ ጥናት አይቀርልህም። ግን ፍርድ ቤት የቆመ ሰው ነህ። በቅዳሜው ልምምድ አንተን አሠልጣኝ ብናደርግህ ደስ ይለኛል።

ሰብሳቢ
ተባረኩ። የተባለውን ሁሉ ይዤ ረቂቁን እንደገና ጻፍኩት። እነሆ፦

"ማኅበሩ ባሪስተር ለመሆን የሚያመለክቱ አባላትንና የአባላትን ልጆች ይደግፋል። ከጁላይ ጀምሮ እስከ ኖቬምበር የስኮላርሺፕ ማመልከቻ፣ ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ የፒዩፒሌጅ ማመልከቻ ላይ በወር አንድ ቅዳሜ በአዳራሹ ልምምድ ይደረጋል። እያንዳንዱ አመልካች ፎርሙን ከመላኩ በፊት ሙያውን የሚያውቅ አንድ ሰው ያነብለታል። ለጉዞ፣ ለማደሪያና ለልብስ በዓመት እስከ 2000 ፓውንድ ይመደባል፤ ክፍያው በደረሰኝ ነው። ለባር ኮርስ ክፍያ ገንዘብ አይሰጥም። በሌላ አገር ሕግ ለተማሩ አባላት ለብቻው የመረጃ ቀን ይዘጋጃል። የኮሚቴ አባል ቤተሰቡ ባመለከተበት ውሳኔ ላይ አይሳተፍም። ለሶሊሲተር አመልካቾች ተመሳሳይ ሐሳብ በሚቀጥለው ዓመት ይቀርባል።"

ከሌስተር ያሉት አባታችን፣ ልጅዎን ለመጀመሪያው ቅዳሜ ይዘዋት ቢመጡ ደስ ይለናል። የባቡሩን ወጪ ገንዘብ ያዣችን ያስቡበታል።

አንዲት አባል፣ ከማንችስተር
የሶሊሲተሩን ለማስተባበር ተስማምቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይጨመር፦ ከለንደን ውጭ ያለ ሰው በቪዲዮ መግባት እንዲችል።

ጸሐፊ
ተጨምሯል። ሐሙስ ለጉባኤው አጀንዳ ከመላኩ በፊት የመጨረሻውን ጽሑፍ እዚህ እለጥፋለሁ። ልምምዱ ላይ አንባቢ ወይም ጠያቂ ሆናችሁ መርዳት የምትችሉ ስማችሁን ለእኔ በግል ላኩልኝ።